ለጥዑመ ልሳን ያልተነገረው

ጥዑመ ልሳን ወልደ ዮሐንስ ሚስቱ ሙሉነሽ ከሞተች ወዲህ አላለቀሰም። በቀብሩ ዕለት ሰው ሁሉ ደረቱን ሲደቃ እሱ ቆሞ የቆፋሪዎቹን አካፋ ይመለከት ነበር። የአንደኛው አካፋ እጀታ ተሰንጥቆ በጎማ ታስሯል። ከዚያ ቀን የሚያስታውሰው እሱን ብቻ ነው። ሠልስቱ አለፈ፣ ድንኳኑ ተነሣ፣ ዕድርተኞቹ ወንበራቸውን ጭነው ሄዱ። ጥዑመ ልሳን ብላ ሲሉት በላ፣ ተኛ ሲሉት ተኛ። ብዙ ሰዓት የተቀመጡበት እግር እንደሚደነዝዝ፣ ሰውየው ሁለንተናው ደንዝዞ ነበር።

የአርባ ስድስት ዓመት ሰው ነው። የተወለደው እንፍራንዝ ከካህን ቤት ነው። አባቱ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ልጃቸው ቅኔ ቤት እንዲገባላቸው ቢመኙም እሱ ባሕር ዳር ወርዶ ኮምፒውተር ተማረ። ስሙን ያወጡለት እሳቸው ናቸው፤ አንደበቱ ጣፋጭ ማለት ነው። ሰውየው ግን በቀን ሃያ ቃል ከተናገረ ብዙ ተናገረ ይባልለታል። ለሁለት የምትናገረው ሙሉነሽ ነበረች። ልጅ አልወለዱም፤ ቤታቸውን የሚሞላው የእሷ ወሬ ነበር። ኩላሊቷን አሟት በሦስት ሳምንት ውስጥ ጥቅምት ሰባት ቀን ሄደችበት።

ሁለቱም የሚሠሩት ታንኳ የጤና ኮሌጅ ነበር። ከሐይቁ ዳር የተሠራ፣ ሰባ ያህል ሠራተኛ ያለው፣ መስኮት ሲከፈት የእምቦጭ ሽታ የሚገባበት ትንሽ ኮሌጅ ነው። ሙሉነሽ አዋላጅ ነርሶችን ታስተምራለች፤ እሱ ኮምፒውተሮቹን ይጠብቃል። ከሁሉም የሚወደው የኮሌጁን ኢሜይል የሚቀበለውንና የሚልከውን ሰርቨር ነበር። ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት ነው ያቆመው። ሊኑክስ ማባበል አያውቅም፤ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ትእዛዝ ይጻፍለታል፣ የተጻፈለትን ቃል በቃል ይፈጽማል፣ ሲቸግረው የቸገረውን በመዝገቡ ላይ ጽፎ ዝም ይላል። ሙሉነሽ አንድ ቀን ቢሮው ገብታ ይህን ሲያስረዳት «ካልጠየቁት አይናገርም፤ ቁርጥ አንተን» ብላ ስቃበታለች።

አሁን ስለ ሔራን መናገር አለብኝ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚቀርባት ነገር ያላት እሷ ናትና። ሔራን የመሸንቲ ልጅ ናት። የሙሉነሽ ተማሪ ነበረች፤ ተመርቃ እዚያው ኮሌጅ የመለማመጃ ክፍሉ አሠልጣኝ ሆነች። ናይሮቢ ያለ አንድ ተቋም ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ጨቅላዎችን እንዴት ማትረፍ እንደሚቻል ለአንድ ዓመት ያሠለጥናል፤ ከአገራችን በዓመት የሚወስደው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሔራን ሦስት ዓመት አመለከተች። ሁለቴ ወደቀች፤ ሙሉነሽ ሁለቴም ማመልከቻውን እንደገና አስጻፈቻት። በሦስተኛው፣ ጥቅምት መግቢያ ላይ፣ «ተቀብለንሻል» የሚል መጣላት። ሙሉነሽ ያን ጊዜ ሆስፒታል ተኝታ ነበርና ሔራን ደብዳቤውን ከአልጋዋ አጠገብ ቆማ አነበበችላት። የቀረው አንድ ነገር ነበር። እስከ ኅዳር አሥራ ስምንት፣ እስከ ረቡዕ ድረስ፣ በኮሌጁ በራሱ የኢሜይል አድራሻ «እመጣለሁ፣ መሥሪያ ቤቴም ለቆኛል» ብላ መጻፍ አለባት። ካልጻፈች ቦታው ለተከታዩ ይሰጣል።

ሙሉነሽ በሞተች በአሥረኛው ቀን የከተማው መብራት ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ መጣ፤ በሦስተኛው የኮሌጁን ሰርቨር አቃጥሎት መጣ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጥዑመ ልሳን ጥቁር ልብሱን እንደለበሰ፣ ጢሙን እንዳሳደገ ቢሮው ገባ። ማንም አልጠራውም። ቤት ውሎ ግድግዳ ከማየት ይሻላል ብሎም አይደለም፤ እግሩ የለመደውን መንገድ ስለሄደ ነው። በአዲስ ማሽን ላይ ሁሉን ነገር እንደገና ሠራ። ቅጂ ያለውን ከቅጂው አወረደ፤ የሌለውን በቃሉ ጻፈ። ሁለት ቀን ፈጀበት። ሰው ሁሉ ተደነቀ፤ ዲኑ አቶ ደሞዝ በሩ ላይ ቆመው ራሳቸውን ነቀነቁና ድምፅ ሳያሰሙ ተመለሱ።

እዚህ ላይ ስለ አገሬ ሰው አንድ ነገር ልበል። ለቅሶ መድረስን የሚያህል የምናውቀው ሥራ የለም። ነግ በኔ ብለን ሥራ ፈትተን እንሄዳለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን፣ ውሃ እንቀዳለን፣ ሐዘንተኛውን ለብቻው አንተውም። ይህ መልካም ነው። ግን ለሐዘንተኛ መንገር የሚባል ነገር አናውቅም። ሐዘንተኛ አይከሰስም፣ አይጠየቅም፣ ወጥህ ጨው በዝቶበታል አይባልም። ጣራው ቢያፈስ ከሥሩ ባልዲ እናስቀምጣለን እንጂ ቤትህ ያፈሳል አንለውም። ይህንንም አክብሮት እንለዋለን።

ጥዑመ ልሳን ቢሮው ሲገባ ሰው ድምፁን ይቀንስ ነበር። ኮምፒውተሩ የተበላሸበት ሰው አስተካክልልኝ ማለት ትቶ በጓደኛው ኮምፒውተር ይሠራል። የስብሰባ ጥሪ አይደርሰውም። ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ሰው ዳቦና ሽሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ይወጣል። እሱም ተቀምጦ ማሽኑን ያያል። ማሽኑ ይሠራል፤ አረንጓዴ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ከውጭ የሚመጣ ደብዳቤ ይገባል። ሌላውን የሚያይበት ልብ አልነበረውም። አርባው ሰኞ ኅዳር አሥራ ስድስት ዋለ፤ የነቢያት ጾም በገባ ማግስት ስለሆነ ተዝካሩ በጾም ወጥ ተበላ፣ ካህናቱ ፍትሐት አድርሰው ሄዱ፣ እሱም በማግስቱ ቢሮው ገባ።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ግን ኪዲ መጣች። ኪዲ የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ ባሏ እዚህ ፋብሪካ ሲቀጠር አብራው መጥታ ሬጅስትራር ከገባች ገና ሁለተኛ ሳምንቷ ነው። ድሬዎች አንቱታ አያውቁም፤ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም በአንድ ቃል ነው የሚጠሩት። በሩን ሳታንኳኳ ገብታ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ጥዑሜ፣ ኢሜይልህ አይሠራም እኮ» አለችው። «ከዚህ የሚወጣ ደብዳቤ የትም አይደርስም። ወር አልፎታል አሉ።»

ማን አለ ብሎ ጠየቃት።

«ሁሉም። እኔ ዛሬ ነው የሰማሁት። ለምን አልነገራችሁትም ስላቸው ሐዘን ላይ ነው አሉኝ። ሐዘን ላይ ከሆንክ ለምን መጣህ? ከመጣህ ደግሞ ይነገርህ እንጂ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም።»

እግዜር ያጽናህ አለችውና ወጣች። ጥዑመ ልሳን አልደነገጠም፣ አልተቆጣም። ለራሱ የግል አድራሻ ከኮሌጁ አንድ ባዶ ኢሜይል ላከ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አሥር ደቂቃ ጠበቀ። አልመጣም።

ከዚያ የተላኩ ደብዳቤዎች ተራ የሚጠብቁበትን ወረፋ ከፈተ። ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት ደብዳቤ ቆሟል። ከእያንዳንዱ ሥር የተቀባዩ ማሽን የሰጠው ምላሽ ተጽፏል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ የላኪው ዶሜን የለም ይላል። ዶሜን ማለት በኢሜይል አድራሻ ላይ ከሰውየው ስም በኋላ የሚመጣው የቤቱ ስም ነው። አንድ ሰው በራችሁን አንኳኩቶ ከእገሌ ቤት ነው የመጣሁ ቢላችሁ፣ እናንተም ብትጠይቁ እገሌ የሚባል ቤት በአገሩ ባይኖር፣ አታስገቡትም። ማሽኖቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ጥዑመ ልሳን መጀመሪያ ጥፋቱን ወደ ውጭ ወረወረው። የአብዬን ወደ እምዬ ማለት የሰው ሁሉ ጠባይ ነው። የኮሌጁ ስም የተመዘገበበት ክፍያ አልፎበት ይሆናል ብሎ መዝገቡን አየ፤ አላለፈበትም። መስመሩ ይሆናል ብሎ ለአገልግሎት ሰጪው ደወለ፤ መስመሩ ደህና ነው አሉት። ስሙን ወደ ቁጥር የሚተረጉመውን አገልግሎት ፈተሸ፤ የኮሌጁን ስም ሲጠይቀው ወዲያው መለሰለት። ከውጭ የሚመጣው ደብዳቤ የሚገባውም ለዚህ ነው፤ ሰዎች ትክክለኛውን አድራሻ ስለሚያውቁት በትክክለኛው ይልካሉ። ማሽኑን አጥፍቶ አበራው። ወረፋው እንደቆመ ነው።

አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን የቀረው የራሱን እጅ መመርመር ብቻ ነበር። ሰርቨሩ በሚወጣ ደብዳቤ ሁሉ ላይ የላኪውን ቤት ስም የሚለጥፈው ከአንዲት ፋይል እያነበበ ነው። በፋይሏ ውስጥ ያለው አንድ መስመር ነው። ከፈታትና አየ፤ ደህና መሰለው። ዓይን የለመደውን ስም አያነብም፣ ያውቀዋል። ስለዚህ ልጅ ሳለ አባቱ እንዳስተማሩት፣ በስንደዶ ፊደል እንደሚቆጥር ተማሪ፣ የእስክርቢቶውን ጫፍ ከኮምፒውተሩ መስታወት ላይ አሳርፎ አንድ በአንድ ቆጠረ። ታንኳ የሚለው ስም በላቲን ሲጻፍ በመካከሉ ደብልዩ አለው። ደብልዩ የለም። ፋይሏ የተጻፈችበትን ቀን አየ። ጥቅምት አሥራ ስምንት፣ ሙሉነሽ በሞተች በአሥራ ሁለተኛው ቀን፤ የጻፋትም እሱ ነው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሰርቨሩም የተሰጠውን ይዞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከኮሌጁ የወጣ ደብዳቤ ሁሉ በአገር ከሌለ ቤት እንደመጣ ሆኖ ወጥቷል። ማሽኑ አምስት ቀን ደጋግሞ ያንኳኳል፤ በአምስተኛው ቀን ተስፋ ቆርጦ ደብዳቤውን ለላኪው ይመልሳል። የሚመልሰው ግን እዚያው ወደሌለው ቤት ነውና መመለሱም አይደርስም። ላኪው ደብዳቤው እንደወደቀ የሚያውቅበት መንገድ የለም። ቢሮ ለቢሮ ደግሞ ሰው የሚጻጻፈው በቴሌግራም ስለሆነ በመጀመሪያ ማንም አልጠረጠረም፤ ሰው የነቃው ኋላ፣ ደብዳቤያችሁ አልደረሰንም የሚል ስልክ ሲበዛ ነው።

መላ ሲጠፋው ማሽኑ ለአንድ ሰው ብቻ ሪፖርት ይጽፋል፤ ለጠባቂው። ጥዑመ ልሳን የጠባቂውን ሣጥን ከፈተ። ያልተነበበ አንድ ሺህ አንድ መቶ አራት መልእክት አለ። የመጀመሪያው የተጻፈው ሰርቨሩን ሠርቶ ከጨረሰ በአምስተኛው ቀን ነው። በዚያ ሕንጻ ውስጥ ይህን ሁሉ ጊዜ የነገረው ያ ማሽን ብቻ ነበር፤ እሱም አልሰማውም። ይህን ሲያይ ምን ተሰማው ቢባል፣ ምንም። ቁጥሩን አየና ሣጥኑን ዘጋው።

ደብልዩዋን ጨመረ። ያ ግን ለሚቀጥለው ነው እንጂ በወረፋው ላሉት አይጠቅማቸውም፤ የተሳሳተው ስም አንዴ ተለጥፎባቸዋል። ስለዚህ አሮጌው ስም ባለበት ሁሉ አዲሱን ተካ የሚል ትእዛዝ ጻፈ። ትእዛዙ መሥራቱን ለማየት ከወረፋው መካከል አንድ ደብዳቤ ከፈተ። የሰው ደብዳቤ የማያነብ ሰው ነው፤ የፈለገው ራስጌውን ብቻ ነበር። ዓይኑ ግን ናይሮቢ የሚል አየ፣ ላኪዋም ሔራን። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የተጻፈ ነው። «ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ጽፌአለሁ» ይላል። «ዛሬ የመጨረሻው ቀን መሆኑን አውቃለሁ። እባካችሁ እስከ ዓርብ ድረስ ታገሡኝ።»

ሁለቱን ፊተኞች ፈለጋቸው። ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ስምንት ተልከው፣ እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ቀን አንኳኩተው ወድቀዋል። ሦስተኛው ሁለት ቀን ቆሟል። ቀኑም ዓርብ ነው።

ወረፋው እንደገና እንዲነሣ አዘዘ፤ የሔራንን ደብዳቤ ከሁሉ አስቀደመ። አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ የናይሮቢው ማሽን «ተቀብያለሁ» ብሎ መለሰ። ሌሎቹ ሦስት መቶ ሰማንያ አምስቱ ተከታትለው ወጡ። በመስኮቱ ሥር አንድ ጀልባ ሞተሩን አንሥቶ ወደ ገዳማቱ ሄደ። ጥዑመ ልሳን አቶ ደሞዝ ዘንድ ወጥቶ የሆነውን አንድ በአንድ ነገራቸው። እሳቸው አልተገረሙም። እናውቃለን አሉት። አርባዋ እስክትወጣ ብለን ነው የተውንህ፤ የአዲስ አበባውን ደብዳቤ በአውቶቡስ ስንልክ ከረምን፤ አንተ ብቻ ተጽናና አሉት። ትከሻውን መታ መታ አድርገው እስከ በሩ ሸኙት።

ምሳ አልበላም። ከውጭ የሚገባውን መዝገብ ከፍቶ ተቀመጠ። ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ከናይሮቢ አንድ ደብዳቤ ገባ፤ ለሔራን ነው። ሊያነበው ይችል ነበር፤ አላነበበውም። ተነሥቶ ወደ መለማመጃ ክፍሉ ወረደ።

ክፍሉ ውስጥ ተማሪ የለም። ሔራን ለልምምድ የሚያገለግሉትን የጨቅላ አሻንጉሊቶች በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገች በፎጣ ላይ ታስተኛለች። ስልኳ ከጎኗ ተከፍቶ ተቀምጧል። ሲገባ ብድግ አለችና ወንበር ሰጠችው። ሳይቀመጥ ተናገረ።

«ሔራን፣ ደብዳቤሽ ሁሉ እኔ ዘንድ ነው የቆመው። ስህተቱ የእኔ ነው።»

«እግዜር ያላለው ነው ጋሼ» አለች። ትናንት ቦታውን ለተከታዩ ሰጥተውታል። እስከ ረቡዕ ማታ ምንም ስላላገኙ ነው፤ ደብዳቤዋ ዛሬ እንደደረሳቸውና እንዳዘኑ ጽፈውላታል። ይህን ሁሉ የነገረችው አሻንጉሊቱን ማስተኛቷን ሳታቆም ነው። «ዋናው እርስዎ መበርታትዎ ነው» አለችው። ቀጥላም፣ ወሬ ለመቀየር ይመስላል፣ «ደብልዩዋ ናት አይደለች?» አለችው።

ጥዑመ ልሳን ስለ ደብልዩዋ ለማንም አልተናገረም። ለአቶ ደሞዝም ያለው ስሙን ተሳስቻለሁ ብቻ ነው።

ከየት አወቅሽ ሲላት እጇ ቆመ። ሰኞ ደውለውልኝ ነበር አለች። ከተመረጡት ሁሉ እሷ ብቻ ስላልመለሰች የናይሮቢዎቹ ባለሙያ መዝገባቸውን አይቶ፣ የሚመጣው ደብዳቤ የቤቱ ስም አንድ ፊደል፣ ደብልዩ፣ ጎድሎት ስለሚመለስ መሥሪያ ቤትሽን አስተካክሉ በያቸው ብሏታል። ከግል አድራሻዋ ልትጽፍላቸው ብትጠይቅ አይሆንም አሏት።

«ሰኞ?» አለ። «ሰኞ እኮ አርባው ነበር።»

«አዎ። እርስዎ ቤት ነበርሁ። ወጥ እያወጣሁ ነው ስልኩ የመጣው። እርስዎ ከካህናቱ ጋር ተቀምጠው ነበር።»

አስታወሰ። ጭልፋ ይዛ፣ ነጠላዋን አደግድጋ በፊቱ አልፋለች፤ ይጨመርልዎ ብላዋለች፤ በቃኝ ብሏታል። በመካከላቸው አሥር እርምጃ አልነበረም፣ እስከ ረቡዕም ሁለት ሙሉ ቀን ቀርቶ ነበር።

«ያኔ ብትነግሪኝ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነበር» አላት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«እንዴት ብዬ ልንገርዎ ጋሼ? የእትዬ ሙሉነሽን ተዝካር እያበላሁ ባሏን ተነሥና ኮምፒውተር ሥራልኝ ልበል? ሰውስ ምን ይለኛል? ማክሰኞ ነግሬዎት ልገላገል ብዬ በርዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ተቀምጠው ግድግዳውን ሲያዩ አየሁዎት። ተመለስሁ። ረቡዕ ደግሞ እንደማይደርስ እያወቅሁ ምናልባት ብዬ ጻፍሁ።»

ጥዑመ ልሳን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ወር ሙሉ ያየው ነገር ሁሉ፣ የሚቀነሰው ድምፅ፣ የሚመጣው ሽሮ፣ በበሩ ላይ ቆመው የሚመለሱት ሰዎች፣ አሁን ገባው። ከዚህ ሁሉ ሰው አንድ ክፉ የለም። ሁሉም ይወዱታል፣ ሁሉም አዝነውለታል፤ አዝነውለት ልጅቱ ገደል ስትገባ አብረው ቆመው አይተዋል። ልጅቱም ራሷ አብራ አይታለች።

«ሙሉነሽን ቀበራችሁ» አለ። «እኔንም አብራችሁ ቀበራችሁኝ። እኔ ግን አልሞትሁም ሔራን። ማሽን የምጠብቅ ሰው ነኝ፤ አጠፋሁ፤ ማሽኑ ሲጽፍልኝም አላነበብሁም፤ ሰው ቢነግረኝ ግን አስተካክል ነበር።»

ሔራን ፊት ለፊቱ ተቀምጣ፣ አቀርቅራ ይቅር ይበሉኝ አለችው።

«አንቺ ምን አድርገሽ? ያጠፋሁት እኔ። ይልቅ ተቆጪኝ።»

«በእርስዎ ላይ?»

«በእኔ ላይ። ሌላ በማን ላይ ትቆጫለሽ?»

እንዴት ብዬ አለች፤ አይሆንም አለች፤ ነውር ነው አለች። ጨርቁን ጨመቀችው፣ ዘረጋችው፣ እንደገና ጨመቀችው። ቆይታ፣ ዓይኗን ጨርቁ ላይ ተክላ ጀመረች።

«ሦስት ዓመት ነው የጠበቅሁት» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። «ሦስት ዓመት። በዚህ ክፍል ስንት ልጅ አሠልጥኜ ሰድጃለሁ፤ ሄደው የሚያዋልዱት ልጅ ያለ ጊዜው ከተወለደ ምን እንደሚያደርጉ አያውቁም፤ እኔም ስለማላውቅ ነው ያላስተማርኋቸው። ለዚህ ነበር የምሄደው።» ከዚያ ድምፅዋ ወፈረ። «እርስዎ ደግሞ የጻፉትን አንዴ መለስ ብለው አላዩትም። ለራስዎ አንድ ኢሜይል ልከው አልሞከሩትም። ማሽኑ አስተካክል እያለ ሲጽፍልዎት አላነበቡትም። ማዘን ለእርስዎ ብቻ አልተሰጠም። እኔም እትዬ ሙሉነሽን ቀብሬአለሁ፤ ግን ያን ሰሞን አንድ ቀን ተማሪዎቼን አልበተንሁም። እሷ ብትኖር፣ ይህን ብታይ፣ በእርስዎ ታፍር ነበር።»

ይህ የመጨረሻው ገባ። ከደረቱ በታች፣ ከጎድኑ ሥር፣ አንድ ቦታ ላይ አመመው። ሙሉነሽ ከሞተች ወዲህ ያመመው የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነበር። ዓይኑ ሲሞላ ተሰማው፤ በእጁ አልጠረገውም።

ሔራን ቀና ብላ ሲያለቅስ አየችው። ምን ነካኝ ብላ በሁለት እጇ አፏን ያዘች፤ ይቅርታ ልትጠይቀው ተነሣች።

ጥዑመ ልሳን በእጁ እንድትቀመጥ አመለከታት።

«አልጨረስሽም» አላት። «ቀጥዪ።»